ሰማዩ ባዶ ነው ያለው ሳጥን

አንድ ከፍታ የሚፈራ የእጅ ባለሙያ ነበር፤ ስሙ ዘርጋው ይባላል። መሰላል ላይ ሁለት እርከን ከወጣ ተመልሶ ይወርድ ነበር። ሚስቱ ስንዱ ደግሞ በራሪ ናት። እግዜር ሲያጋባ እንዲህ ነው እንግዲህ፤ አንዱን ከመሬት ያጣብቀዋል፣ ሌላዋን ለሰማይ ይለቃታል።

የሚኖሩት በአንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ፀሐይ የገደሉን ፊት ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይነሣል። የዚያ አገር ሰዎችም ሞተር በሌለው አውሮፕላን ከአፋፉ ተንሸራተው ይለቀቁና በዚያ ሙቅ አየር ላይ እየዞሩ ከፍ ከፍ ይላሉ። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ፤ ክንፍና ነፋስ ብቻ። አሞራ ሲዞር ካዩ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ አሞራ የዞረበት ቦታ የሚያነሣ አየር አይጠፋምና። ዘርጋው ከአፋፉ ራቅ ብሎ፣ ዛፍ ጨብጦ፣ ሚስቱ ከአሞራዎቹ ጋር ክብ ስትሠራ ያያል። አቤት ስታምር! ጠዋት ሽንኩርት ስትከትፍ ያየሃት ሴት፣ ያለ ገመድ፣ ያለ ምሰሶ፣ ሰማይ ላይ ተንሳፍፋ ስታያት ምን ትላለህ? ዘርጋውም አፉን ከፍቶ ያያል። ቀጥሎ ፍርሃቱ ይመጣበታል።

መውደቋን አይደለም የሚፈራው፤ ስንዱ እንዴት እንደምትበር ያውቃል። የሚፈራው ግጭት ነው። በአንድ ሙቅ አየር ውስጥ ብዙ ክንፍ ይዞራል፤ በራሪው ደግሞ ከሥሩ ያለውን አያይም፣ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ከገባች ከፊቱ ያለውንም አያይም።

«አንቺ፣ እዚያ ላይ ሆነሽ ከሥርሽ ማን እንዳለ በምን ታውቂያለሽ?» አላት አንድ ቀን።

«አላውቅማ!» አለችው እየሳቀች። «አንተ ባለሙያ አይደለህ እንዴ? አሳውቀኛ!»

እሷ ለቀልድ ነው ያለችው። እሱ ግን ክረምቱን ሙሉ ቤቱን ዘግቶ ከረመ። ሲወጣ አንዲት ትንሽ ሳጥን ይዞ ነበር። ሳጥኗ የት እንዳለችና ወዴት እንደምትሄድ በየቅጽበቱ በሬዲዮ ትናገራለች፤ ሌሎች ሳጥኖች የሚሉትንም ትሰማለች። በትንሿ መስኮቷ ላይ እያንዳንዱ ክንፍ የብርሃን ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሁለት ክንፎች መንገዳቸው ሊገናኝ ሲል በሁለቱም በራሪዎች ጆሮ ትጮኻለች። የሚያሰጋ ከሌለ አረንጓዴ መብራት ታበራለች፤ ሰማዩ ባዶ ነው፣ እለፍ ማለቷ ነው። ሰዉ «አለሁ» የሚል ስም አወጣላት፤ ሥራዋ እሱ ነዋ፣ አለሁ፣ አለሁ ማለት።

በራሪዎቹ እየተቀባበሉ ያዟት። ስንዱም «ባሌ የሠራው ነው» እያለች ትንቀባረር ጀመር። ዘርጋው ለመጀመሪያ ጊዜ ዛፉን ለቆ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ሚስቱን አየ።

ታዲያ ሙያ ባለበት ተፎካካሪ አይጠፋም። በዚያው አገር ታፈሰ የሚባል ጎበዝ ወጣት ባለሙያ ነበር። የዘርጋው ሳጥኖች የሚነጋገሩበትን ቋንቋ አዳምጦ ተማረና የራሱን ሳጥን ሠራ፤ ከዘርጋው ሳጥን ትቀልላለች። የሁለቱ ሳጥኖች ሰማይ ላይ ተገናኝተው ተግባቡ። ማንም አልተጎዳም።

ዘርጋው ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። «ቋንቋውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ! ነገ ደግሞ ሌላው ተነሥቶ ቆርቆሮ ይቀጠቅጥና አለሁ ያሰኘዋል። ግራ ሆኖ ቀኝ ነኝ ቢልስ? ሰው ቢያልቅ ማን ሊጠየቅ ነው?» አለ። አይ፣ እውነቱን ነው፤ የምትዋሽ ሳጥን ከነጭራሹ ሳጥን ከማጣት ትብሳለች። ግን ቁጣው ውስጥ ሌላም ነገር ነበረበት፤ «የኔ ነው» የሚል ነገር። እሱም ልቡ ያውቀዋል። ከዚያ የእሱን ሳጥኖች ሁሉ ሰብስቦ ቋንቋቸውን በምስጢር ኮድ ቆለፈው። ከዚያን ቀን ወዲህ የዘርጋው ሳጥኖች እርስ በርሳቸው ብቻ የሚደማመጡ ሆኑ። የታፈሰ ሳጥን አጠገባቸው ሆና ብትጮህ ለእነሱ ነፋስ ናት፤ እነሱም ለእሷ እንዲሁ።

«ሁሉም የኔን ይያዝ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ይድናል» አላት ለስንዱ።

«የማይይዝ ቢኖርስ?»

«ይይዛል!»

«እሺ፣ ጋሽ ደምሰውስ?»

ዘርጋው ወደ ሥራው ዞረ። ጋሽ ደምሰው ስንዱንም ሌላውንም ሁሉ መብረር ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ታፈሰ ደግሞ የእህታቸው ልጅ ነው። የእህቱ ልጅ በእጁ ሠርቶ ያመጣለትን ትቶ የባዳ ዕቃ የሚያንጠለጥል ሽማግሌ የት አገር ታይቷል? ጋሽ ደምሰው የታፈሰን ሳጥን ደረታቸው ላይ አስረው ነበር የሚበሩት፤ ቢሞቱ አያወልቋትም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ በጠራበት በአንዱ ቀን ዘርጋው እንደ ልማዱ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ከአፋፉ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ከገደሉ በላይ አንድ ትልቅ ነጭ ደመና ቆሟል። ቀና ሲል ደመናውን ከሁለት ወገን እየዞሩ የሚመጡ ሁለት ክንፎች አየ። ጫፉ ቀይ የሆነው የስንዱ ነው። ሌላው የጋሽ ደምሰው ነው። ደመናው በመካከላቸው ስለቆመ አይተያዩም። ዘርጋው ወደ ሳጥኑ መስኮት አጎነበሰ። ከደመናው አጠገብ አንዲት ነጥብ ብቻ አለች፤ ስንዱ። መብራቱ አረንጓዴ ነው። ሰማዩ ባዶ ነው ይላል።

«ስንዱ! ኧረ ስንዱ!»

ከዚያ ርቀት ማን ሊሰማው? ያ መሰላል የሚፈራ ሰው እስከ ገደሉ ጠርዝ ሮጠ፤ እግሩ ሥር ምን እንዳለ ረሳው። እጁን እያወናጨፈ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ሚስቱን ከዚህች ቀን ሊያድናት ክረምቱን ሙሉ የደከመ ሰው፣ ከሥራው ሁሉ የቀረው ያ ጩኸት ብቻ ሆነ።

ሁለቱ ክንፎች ከደመናው ጥግ ብቅ አሉ፤ ፊት ለፊት።

የዚያን ጊዜ የሆነውን ዘርጋው እስኪሞት አልረሳውም። የስንዱ ክንፍ ወደ ቀኟ ጋደል አለ። በዚያችው ቅጽበት የጋሽ ደምሰውም ወደ ቀኛቸው ጋደል አለ። አልተነጋገሩም፤ ለመነጋገር ቀርቶ ለመደንገጥም ጊዜ አልነበረም። ሁለት ታላላቅ ነጫጭ ክንፎች በአንድ ላይ ተነሥተው፣ ሆድና ሆዳቸውን ተያይተው ተላለፉ። ጥላቸው የገደሉን ፊት ጠርጎ አለፈ። ከዚያ አየሩን ሲቀድዱት ያወጡት ፉጨት ዘግየት ብሎ ወደ ምድር ደረሰ። አሞራዎቹ እንደ ዞሩ ናቸው። ዘርጋው በጉልበቱ ተንበርክኮ «ተመስገን፣ ተመስገን» ይላል።

ስንዱ ስታርፍ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። እየሮጠ መጥቶ አቀፋት። «አልጮኸችም» አለችው፤ «ዘርጋው፣ ሳጥንህ አልጮኸችም።» ጋሽ ደምሰውም ወርደው ደረታቸው ላይ ያለችውን እያሳዩ «የኔዋም ትንፍሽ አላለች» አሉ።

ዘርጋው የማንንም ዓይን ማየት አልቻለም። መሬት መሬቱን እያየ፣ «ጋሼ፣ እሷ ወደ ቀኝ እንደምትዞር በምን አወቁ?» አለ።

«ይሄ ይጠየቃል? ፊት ለፊት ከተገናኘህ ወደ ቀኝህ ዙር ነው። እኔው አይደለሁ ያስተማርኳት?»

«እርስዎንስ ማን አስተማረዎት?»

«መምህሬ ናቸዋ፣ ነፍሳቸውን ይማር።»

«መጀመሪያ ይህን ያወጣውስ ማነው?»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። «እኔ እንጃ። ማንም ስሙን አያውቀው። ብቻ ያ ሰው ለራሱ ደቀ መዛሙርት ብቻ አስተምሮ፣ ለሌላው ቆልፎት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ስንዱ ወደ ቀኟ፣ እኔ ወደ ግራዬ ዞረን ነበር» አሉና ሁለት መዳፋቸውን አጋጩ።

ዘርጋው የመዳፎቹን ድምፅ ሲሰማ ደነገጠ። «ታዲያ ጋሼ፣ የማይረባ ሳጥን የሚሠራ ቢመጣስ?»

«እንፈትነዋለና! ውሸታሟን ሳጥን ከአፋፉ እንመልሳለን። አንተ እኮ በውሸታሟ ላይ ብቻ አይደለም የቆለፍከው፣ በእውነተኛዋም ላይ ነው። እስቲ ንገረኝ፣ ገበያ መሀል ጆንያ የተሸከመ ሰው ‹ዞር በል!› ብሎ ሲጮህ ለዘመዱ ብቻ ነው የሚጮኸው?»

«አይደለም።»

«ጆንያው የራሱ ነው፤ ማንም አይውሰድበት። ጩኸቱ ግን የመንገደኛው ሁሉ ነው፣ ልጄ።»

በማግስቱ ዘርጋው የሳጥኖቹን ቋንቋ፣ ምንም ሳያስቀር፣ በበረራው ሜዳ ትልቁ ግድግዳ ላይ አስጻፈው። ማንም አንብቦ ይሥራ፣ የሠራውንም እዚሁ አምጥቶ በሁላችን ፊት ያስፈትን አለ። ቀድሞ የመጣው ታፈሰ ነው። ግድግዳውን ቆሞ ሲያነብ ቆየና ዘርጋው ያላየውን አንድ ስህተት አገኘ፤ ሁለቱ ተከራክረው ተከራክረው አብረው አቃኑት። ሌሎች ባለሙያዎችም ከሩቅ አገር ሳይቀር ሳጥናቸውን ይዘው መጡ። ፈተናውን ያለፈው አለፈ፤ የወደቀውም ወደ መጣበት ተመለሰ። የዘርጋውን ሳጥን ደግሞ ሰው መፈለጉን አልተወም፤ እጁ ጥሩ ነዋ።

ሁሉም ሳጥኖች አንድ ቋንቋ በተናገሩበት የመጀመሪያ ቀን ዘርጋው ሳጥኑን ከፈተና ደነገጠ። ተበላሸች ብሎ መታ መታ አደረጋት። መስኮቷ እንደ ተዘራ ጤፍ በነጥብ ተሞልታ ነበር። አንዷ ከአፋፉ፣ አንዷ ከደመና ሥር፣ ሌሎቹ ከማዶው ተራራ፤ ሁሉም አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ ይላሉ። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። የሚበሩት ትናንት የነበሩት ሰዎች ናቸው። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም፣ ሳጥኑ ባዶ ነው ሲለው፣ እነዚህ ሁሉ ነፍሶች እዚያው ላይ ነበሩ። እንባው መጣ። ስንዱ የትኛዋ ነጥብ እንደሆነች መለየት አቃተው፤ ግን ያ ሁሉ ነጥብ እሷን እንደሚሰማት አወቀ፣ ፍርሃቱም ለቀቀው።

ወዳጄ፣ ሥራህ ያንተ ነው፤ ኩራበት፣ እንጀራህንም ብላበት። ሰው ከሰው ጋር እንዳይጋጭ የሚያደርገው ቃል ግን ላንተ ወገን ብቻ ከተሰማ፣ አንድ ቀን የገዛ ቤትህን ሰው በጨለማ ያስኬዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት ወደው አይደለም።

እስቲ አንተም ወደ ራስህ ሳጥን ተመልከት፤ አንቺም ተመልከቺ። አረንጓዴ ያበራው በእርግጥ ማንም ስለሌለ ነው? ወይስ «አለሁ» የሚለውን እንዳንሰማ የቆለፍነው እኛው ነን?