ቦራ እና የአያ ጅቦ የክብር ማረፊያ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ሥራቸውን ጥለው የፈረስ እሽቅድምድም ማየት በሚወዱበት አገር፣ ቦራ የሚባል ፈረስ ነበር። ቦራ ያሉት ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስለነበረው ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲደርቅ በንጉሡ በአንበሳ ፊት ውድድር ይደረጋል። ነጋሪት ይመታል፣ ፈረሶቹ ይለቀቃሉ፣ ቦራም ይቀድማል። ጦጣዎች ዛፍ ላይ ሆነው ስሙን እየጠሩ ይጮኻሉ። ከገዛ ጥላቸው የሚደነግጡት በጎች እንኳ «የኛ ቦራ!» እያሉ ይፎክራሉ። የነሱ የሚሆነው ሲያሸንፍ ነው እንጂ ሲርበው ከግጦሻቸው ያካፈለው አንድም በግ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ግን የቦራ ጉልበት አበጠ። ነጋሪቱ ተመታ፣ ፈረሶቹ ተፈተለኩ፣ ቦራ እያነከሰ ከሁሉም ኋላ ደረሰ። ከዚያ አንዲት ጦጣ ሳቀች። ጦጣ ለብቻዋ መሳቅ ስለማትወድ ሌሎቹም ተከተሏት።

ይህን ሁሉ ከሜዳው ዳር ሆና የምታይ እመት አህያ ነበረች። የተመልካቹን የመጠጥ ውሃ ተሸክማ ያመጣችው እሷ ናት፤ ውሃውን የጠጡት ሁሉ ግን ልብ ብለው አላዩዋትም። ባሏ ዳልቻ ከሞተ ወዲህ የሁለቱን ሸክም ብቻዋን ነበር የምትሸከመው።

አንበሳ ጎፈሩን አራግፎ፣ «ይህን ፈረስ ምን እናድርገው?» አለ። የጠየቀው መልሱ አስጨንቆት ሳይሆን ምሳው ስለደረሰ ነበር።

ቀበሮ ብድግ አለ። ቀበሮ ብድግ የሚለው ሁልጊዜ መልሱን ቀድሞ አዘጋጅቶ ነው።

«ጌታችን ሆይ፣ ውለታ መርሳት ነውር ነው። ላገራቸው ሮጠው የደከሙ ሁሉ የሚያርፉበት የክብር ማረፊያ አቋቁመናል። ጥላ አለው፣ ጸጥታ አለው። አያ ጅቦም ያለ ደመወዝ ሊያስተዳድረው ፈቃደኛ ሆኗል።»

«ያለ ደመወዝ!» አሉ በጎቹ ተደንቀው።

አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ቀረበ። «ያበጠው ጉልበቱ ብቻ ነው፣ አይደል?» አለ። «ጭኑ ደህና ነው?»

«ጤናውን መጠየቁ ነው፤» አለ ቀበሮ ፈጠን ብሎ። «አያ ጅቦ ሆደ ቡቡ ነው።»

«ከዚህ በፊት የገቡትስ እንዴት ናቸው?» ሲል ጠየቀ አንበሳ።

«እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ የለም።»

እመት አህያ ይህን ስትሰማ ጆሮዋ ቆመ። ዳልቻን የወሰዱት በዚሁ ለስላሳ አንደበት ነበር። ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ ካለው ገደል አፋፍ ላይ እግሩ ተሰብሮ ሲወድቅ፣ ቀበሮ ከየት መጣ ሳይባል ደርሶ «አይዞሽ፣ ይረፍ፣ እኛ እናስታምመዋለን» አላት። እሷም ውሃ ላምጣለት ብላ ወደ ወንዙ ወረደች። ስትመለስ ባሏ ከወደቀበት የለም። ማረፊያው ደጃፍ ላይ አያ ጅቦ ጥርሱን በስንጥር ሲጎረጉር አገኘችው። «አረፈ፤» አላት። ከዚህ ሌላ የነገራት የለም።

«ፈረሱን እኔ እወስደዋለሁ፤» አለች እመት አህያ።

ሁሉም ዞሮ አያት። «ደግሞ ላንቺ ምን ይሠራልሻል?» አለ ቀበሮ።

«ሸክም ያግዘኛል።»

ጦጣዎቹ ከዛፍ ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ። ቦራም አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ «እኔ? ጭነት? አንቺ አህያ፣ ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ ታውቂያለሽ? ካንቺ ጋር ስልቻ ከምሸከም ማረፊያው ይሻለኛል!» አለ።

እመት አህያ ወደ ጆሮው ተጠጋች። «ማረፊያው የት እንደሆነ ላሳይህ?» ብላ በአፍንጫዋ ወደ አያ ጅቦ ሆድ ጠቆመችው።

ቦራ የጅቡን ሆድ አየ። ቀጥሎ አፉን አየ።

«ስልቻው... በጣም ይከብዳል?» አለ።

አንበሳ ፍርዱን ሰጠ። «እህሉ ተወቅቶ ለድግሴ በሚጫንበት ቀን ከገደሉ ማዶ ተቀምጬ አያለሁ። ይህ ፈረስ ሙሉ ጭነት ይዞ ከተሻገረ እንደ ሠራተኛ ይኑር። አንድ ስልቻ ከጣለ ግን ማረፊያው ይግባ።»

ቀበሮ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። አያ ጅቦ ያገኘውን ሁሉ «እህሉ መቼ ነው የሚወቃው?» እያለ ሲጠይቅ ዋለ።

ማስተማሩ እመት አህያ እንዳሰበችው አልሆነላትም። ጉልበቱስ ቀላል ነበር። ጠዋት ጠዋት ወንዙ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ታቆመዋለች፤ እብጠቱም እየጎደለ ሄደ። ያስቸገረው ጭንቅላቱ ነበር። ቦራ መሮጥ እንጂ መሄድ አያውቅም። በዕድሜው ሙሉ የተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎኑ የደረሰውን ሁሉ መቅደም። ስለዚህ የእመት አህያ አፍንጫ ትከሻው ጋ በደረሰ ቁጥር ስልቻውን እንደተሸከመ ይፈተለካል። እህሉ መንገድ ለመንገድ ይበተናል፣ ወፎች ከኋላው እየተከተሉ ይለቅማሉ።

«ምን ሆነህ ነው?» ትለዋለች እያለከለከች ስትደርስበት።

«ልትቀድሚኝ ነበር።»

«እኔ? አህያዋ?»

«ጎኔ መጣሽ እኮ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ወደ ጎተራ እየሄድን ነው! ጎተራ ቀድሞ ለደረሰ አያጨበጭብም!»

«ቢሆንም ቀደምኩሽ አይደል?» ይላል ደረቱን ነፍቶ። ይህን በሚያህል ራስ ውስጥ ይህን ያህል ጥቂት ነገር መኖሩ እየገረማት ባዶውን ስልቻ ከመንገድ ታነሣለች።

አንድ ቀን በጎች መንገድ ላይ አገኟቸው።

«ይሄ ቦራ አይደለም?» አለ አንዱ በግ።

«ኧረ አይደለም! ቦራማ ሯጭ ነው። ይሄ ጭነት ተሸካሚ ነው።»

«ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ግን ቁርጥ የሱን ነው።»

«ወንድሙ ይሆናል። በየቤቱ አንድ የማይረባ አይጠፋም።»

ቦራ ስልቻውን ከጀርባው አሽቀንጥሮ ጣለና ሮጠ። እመት አህያ ያገኘችው ወንዙ ዳር ተኝቶ ነው።

«ተነሥ፤» አለችው። «እነዚህ በጎች አምና ስምህን እየጠሩ ጉሮሯቸው ተዘግቶ ነበር። አንዲት ጭብጥ ሣር ሰጥተውህ ያውቃሉ? በግ እንኳ አላወቀኝም ብሎ የሚያለቅስ ፈረስ! አፈር በበላህ!»

እሷ በጮኸች ቁጥር የቦራ ጆሮ ወደ ኋላ ይለጠፋል፣ እግሩ መሬቱን ይቧጥጣል። ያን ጊዜ እመት አህያ አንድ ነገር ገባት። ቦራ ጩኸት የሚያውቀው በውድድር ሜዳ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስድብም ይሁን ሙገሳ፣ ድምፅ ከፍ ሲል ሩጥ የተባለ ይመስለዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አፏን ዘጋች። ምላሷ ስለታም ነበርና ዝም ማለት ከስልቻው የበለጠ ከበዳት።

እንዲህ ዝም እንዳለች ገደሉ ላይ ካለው ጠባብ መንገድ ደረሱ። መንገዱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቦራም ቆመ።

«ምነው?» አላት።

«ዳልቻ እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ በገደሉ በኩል ይሆን ነበር። የተራራውን ጎን ለኔ ይተውልኛል። ትከሻው ከትከሻዬ ሳይለይ ነበር የምንሻገረው።»

«ማናችሁ ትቀድሙ ነበር?»

«ማናችንም።»

«ታዲያ ማን አሸነፈ?»

«ቤታችን እንገባ ነበር፤» አለች እመት አህያ።

ቦራ አሰበ። ማሰብ ስላልለመደ አንዱ ጆሮው ወዲህ አንዱ ወዲያ ዞረ። ከዚያ በገደሉ በኩል ሆነላት። ትከሻዋ ሲነካው ቆዳው ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠ፤ እግሩ ግን አልፈጠነም። ከወዲያ ማዶ ሲደርሱ፣ «እመት፣ እኩል ወጣን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«እኩል ነው፤» አለችው። ዓይኗን እንዳያይባት ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች።

የጭነቱ ቀን ደረሰ። አንበሳና መኳንንቱ ከገደሉ ማዶ ተቀመጡ፣ ጦጣዎች ዛፍ ዛፋቸውን ያዙ። ቀበሮ ግን የውድድሩን ነጋሪት ሰርቆ ከጠባቡ መንገድ በላይ ካለው ቋጥኝ ጀርባ ተደብቋል። ለአያ ጅቦ ደግሞ አስቀድሞ እንዲህ ብሎት ነበር፦

«አንተ ከገደሉ ሥር ቁም። ነጋሪቱን ስመታ ፈረሱ ይፈተለካል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ይወድቅልሃል። ዓይንህን ጨፍነህ አፍህን ከፍተህ ጠብቅ። ጉበቱ የኔ ነው።»

«ዓይኔን ለምን እጨፍናለሁ?»

«አቧራ እንዳይገባብህ።»

አያ ጅቦ ቀበሮ ለዓይኑ በማሰቡ ልቡ ተነካ። «አህያዋም አብራ ብትወድቅስ?»

«እሷ ምርቃት ትሁንልህ።»

ቦራና እመት አህያ ሁለቱም ሙሉ ጭነት ይዘው መንገዱ መካከል ሲደርሱ ነጋሪቱ ተመታ። ጦጣዎቹም ነጋሪት ሲሰሙ መጮህ ልማዳቸው ነውና ምንም ሳያስቡ «ቦራ! ቦራ!» እያሉ አስተጋቡ። እመት አህያ የፈረሱ ትከሻ ከትከሻዋ ሲለይ ተሰማት። ከገደሉ በታች ምን እንደሚጠብቀው ታውቃለች። መጮህ ፈለገች፤ ብትጮህ ግን እሱን ወደ ገደሉ የሚሰደው የሷ ጩኸት ይሆናል። ጥርሷን ነከሰች። እርምጃዋን ሳትለውጥ ሄደች።

ትንሽ ቆይቶ ያ ትከሻ ተመልሶ መጣ።

«እመት፣ ነጋሪት ነው፤» አለ ቦራ።

«ሰምቻለሁ።»

«የኛ ነው?»

«የኛ አይደለም።»

ቀጠሉ። ቀበሮ ነጋሪቱን እስኪደክመው ደበደበ። አልሆነም። ያን ጊዜ ነጋሪቱን ታቅፎ ከቋጥኙ ወረደና ከፊታቸው እየሮጠ፣ «ቦራ! ቀደምኩህ! ሯጩን ፈረስ ቀበሮ ቀደመው!» ሲል ጮኸ።

«ቅደም፤» አለው ቦራ። «መንገዱ ያውልህ።»

ቀበሮ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ አያውቅም። እውነቱን ነው ወይስ ያሾፍብኛል ብሎ ዞሮ ሲያየው ጠጠሩ አንሸራተተው። ነጋሪቱ ቀድሞ ወደቀ፣ ቀበሮ ተከተለው። ከታች አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ የወረደለትን ጎረሰ።

«ቀበሮ!» እያለ ሲጮህ ተሰማ። «ይሄ ፈረስ ከቆዳ በቀር ምንም የለውም እኮ! ደግሞ ደርቋል!»

ቦራና እመት አህያ ተሻገሩ። አንበሳ ስልቻዎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ዳሰሰ። «ሙሉ ናቸው። ፈረሱ እንደ ሠራተኛ ይኑር፤» አለ። በጎች «የኛ ቦራ!» ብለው ዘለሉ። ወንድሙ ይሆናል ያለው በግ ከሁሉ ከፍ ብሎ ዘለለ።

ቀበሮም አቧራ ለብሶ እያነከሰ ወጣ። «ጌታችን ሆይ፣ ነጋሪቱን የመታሁት ልፈትነው ብዬ ነው። ያረጁ ሯጮችን ሥራ የማስተማሩ ሐሳብ ከመጀመሪያውም የኔ ነበር።» አንበሳ ክርክር ስለማይወድ እዚያው የፈረሶች ሥራ አስያዥ አድርጎ ሾመው። መኳንንቱ አጨበጨቡ። ማረፊያው ውስጥ ምን እንዳለ ሄዶ ለማየት የጠየቀ ግን አልነበረም።

ቦራ ጭነቱን እንደተሸከመ በጭብጨባው መካከል ቆሞ ነበር። «ወገኖቼ፣» አለ፣ «ስለ ደስታችሁ አመሰግናለሁ። አሁን ጉልበቴ ደክሟል። ይህን ስልቻ ማን ያወርድልኛል?»

ጭብጨባው ቆመ። ጦጣዎች እጃቸው ለገመድ እንደማይመች ተናገሩ። በጎች ግጦሻቸው ትዝ አላቸው። ከመኳንንቱ አንዱ ሌላውን አየ፣ ሌላውም ሰማዩን አየ። ቀበሮ ጉዳዩን እንደሚያጠናው ቃል ገባ። ተመልካቹ የተበተነበት ፍጥነት ቦራ ካሸነፈባቸው ውድድሮች ሁሉ ይበልጥ ነበር።

እመት አህያ የራሷን ጭነት እንደያዘች ቀረበች፣ ቋጠሮውን በጥርሷ ለመያዝ አንገቷን ዘረጋች። አልደረሰችበትም። ቦራም የታመመው ጉልበቱ እየቆረቆረው ቀስ ብሎ በርከክ አለላት። ገመዱ ተፈታ፣ ስልቻዎቹ ወደ መሬት ወረዱ። እሱ ግን ወዲያው አልተነሣም። አንገቱን ወደሷ ጭነት አዙሮ፣ «ይጠጉ፣ እመት፤» አላት። «አሁን ደግሞ የእርስዎን ልፍታው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ስንሮጥ የሚያጨበጭብልን ሁሉ ስንደክም ትከሻውን እንደማያውሰን፣ ወዳጃችንም ሸክማችንን ዝቅ ብሎ የሚፈታልን ብቻ መሆኑን ነው።