ያልተዘረጋው መዳፍ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ፤ የዛሬው ተረት ግን የገደል ነው።

በአንድ ተራራ የሚኖሩ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ነበሩ። የላይኞቹ ለምለሙን ሣር ለብቻቸው እየበሉ ለታችኛው ገደል የሚተዉት ደረቁን ብቻ ነበር። የታችኞቹ ተበድለናል አሉ፤ እውነታቸውን ነበር።

መክት የሚባል ቁጡ ጭላዳ የገደሉን ጎልማሶች ሰብስቦ ድንጋይ አስጨብጦ አስማላቸው። «ገደላችን ራሱን ችሎ እስኪቆም ድረስ ከእጁ ድንጋይ የሚጥል ከእኛ ወገን አይደለም» አላቸው።

አንዲት አሮጊት፣ «ልጄ፣ እኛ ሣር የምንነቅለው በጣታችን ነው። ድንጋይ ጨብጠህ በምን ትነቅላለህ?» አለችው።

«ሴቶቹ ያጎርሱናል። ነፃ ስንወጣ እጃችንን እንዘረጋለን» አላት።

ዓመታት አለፉ። ከላይም ከታችም ብዙ ጭላዳ በድንጋይ ተመትቶ ወደቀ። በመጨረሻ የላይኞቹ ደከሙና ወሰን ተሰመረ፤ ገደሉም ለብቻው ሆነ።

ወሰኑ በተሰመረ ማግስት ጠዋት መክት ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። በጦርነቱ መሃል የተወለደችው ልጁ ፈራ ተባ እያለች ቀረበችው። ጭላዳ የሚዋደደው ቅማል በመለቃቀም ነውና፣ እንዲለቅምላት ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። መክት እጁን አነሳ። ጣቶቹ ግን ድንጋዩ ላይ ደርቀው ኖሮ አልዘረጋ አሉት።

ልጅቱ ጠብቃ ጠብቃ ዞር አለች። ከራሷ በላይ የተነሳውን ድንጋይ አየችና ወሰኑን ተሻግራ ሸሸች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ግን ለእሷ አድርሱልኝ።