በስድስት ሰዓት የተነሣ ማሳ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። ሜዳና ተራራ የሚያነሣው ማለዳና አመሻሽ ላይ ብቻ ነው። የቀትር ፀሐይ መልክ ያበላሻል ብሎ በዚያ ሰዓት ካሜራውን አያወጣም።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ አስጠራው። ከታች ግድብ ስለተሠራ ማሳው ውሃ ሊተኛበት ነው፤ ሽማግሌው ፎቶውን ይዞ ወደ አዲሱ ሰፈር መሄድ ፈለገ። ፎቶ አንሺው ማልዶ ቢነሣም አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ የደረሰው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የመንደሩን ሰዎች ወደ አዲሱ ሰፈር የሚወስደው መኪና ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣል።

ሰማዩ ነጭ ነው። ሣሩ ቀለም የለውም። ከማሳው ዳር ያለችው ግራር ጥላዋ ጉድጓድ መስሎ ጠቁሯል። ፎቶ አንሺው የካሜራውን ማቆሚያ ተከለ፣ ነቀለ፣ በስተግራ ሞከረ፣ ጉብታው ላይ ወጥቶ ሞከረ። በሄደበት ሁሉ ያ ጥቁር ጥላ ይገባበታል። ደመና ይመጣ እንደሆነ ሽቅብ ያያል፤ ሰዓቱን ያያል። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ፎቶ አላነሣም።

«ኧረ ልጄ፣ ማሳውን ልታገባው ነው እንዴ? ስንቴ ዞርከው!» አለችው የገበሬው ሚስት ዕቃዋን እየጠቀለለች።

«እናቴ፣ ብርሃኑ እምቢ አለኝ።»

ሽማግሌው መቆም ታከተውና ግራሯ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። «ና ወዲህ፣ አትቃጠል! እኔ ማሳዬን የማየው ከዚህ ነው። ጠዋት ስገባ ፈሩን እንጂ ሌላ አላይም። ማታም ከብት ነድቼ ወደ ቤት መሮጥ ነው። ቀና ብዬ የማየው ቀትር ላይ፣ በሬ ፈትቼ እዚህ ስቀመጥ ብቻ ነው።»

ፎቶ አንሺው ሲሸሸው የቆየው ጥላ ውስጥ ገባ። ከዚያ ሲያይ ቅርንጫፎቹ ነጩን ሰማይ ሸፈኑለት፤ ጥቁሩ ጥላም ማሳውን እንደ መስኮት ከበበው። አነሣ። ፎቶው ላይ የማሳው አንዱ ጥግ ነጭ ሆኖ ጠፍቷል። ፈራ ተባ እያለ ለሽማግሌው አሳየው።

«እሱ ራሱ!» አለ ሽማግሌው። መኪናውም ጥሩንባ ነፋ።

ወንድሜ፣ ከአባትህ ጋር ከተኮራረፋችሁ ሦስት ዓመት ሆኗችኋል፤ አሁን ታመዋል። «የምለውን አስተካክዬ፣ ልቤም ሲረጋ ልሂድ ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ማቆሚያውን እየተከልህ የምትነቅለው አንተ ነህ። የምታፍርበት ነገር ያ ጥላ ነው፤ ዙሪያውን አትዙር፣ ግባበትና ከዚያ ሆነህ ተናገር። ከቃልህ አንዱ ጥግ ይበላሽ ይሆናል። በትክክል መለስሁልህ ወይ ብዬ እኔም እሰጋለሁ። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ለፎቶ አንሺው መኪናው የሚነሣበት ሰዓት ተነግሮት ነበር። ለአንተ አልተነገረህም።