የተንጋደደው ኮፊያ

«ጠማማ አልሠራም አልኩህ እኮ፤» አለች ሉባባ ኪሮሿን ጭኗ ላይ አሳርፋ።

«ማን ጠማማ አለሽ፣ እትዬ? በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ከፍ ይበል ነው ያልኩት።»

«እሱን ነው እኛ ጠማማ የምንለው።»

ሙዘይን ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲያው የሼሁ ኮፊያ ጠማማ ነው ልትይ ነው?»

ሉባባ ኪሮሿን መልሳ አነሣች። ጠማማ ነው ብትል ከተማው ሁሉ የሚያከብራቸውን ሼህ መድፈር ነው፤ አይደለም ብትል ደግሞ መዋሸት።

ይህ የሆነው በግንብ በታጠረች በአንዲት የድሮ ከተማ፣ በትልቁ መስጊድ በር ላይ ነበር። ሉባባ ባሏን ወደ አኺራ ከሸኘች ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ በር ጥግ ተቀምጣ ኮፊያ እየሠራች ነው። የሷን ኮፊያ ያደረገ ሰው ሱጁድ ወርዶ ሲነሣ ኮፊያው ካለበት ንቅንቅ አይልም ይባልላት ነበር። ሙዘይን ደግሞ የሼህ ጦይብ የመጀመሪያው ደረሳ ነው፤ ኪታብ የሚያነብላቸውም፣ ለታናናሾቹ ትምህርቱን የሚያብራራውም እሱ ነው።

የነገሩ መነሻ ሼሁ ራሳቸው ናቸው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ መጡና ከሉባባ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አስተምሪኝ አሏት። የቀለዱ መስሏት ሣቀች። እሳቸው ግን ነቢዩሏህ ዳውድ ዐለይሂ ሰላም የእጃቸውን ሥራ ይበሉ እንደነበር፣ ሼሁ ራሳቸው ግን ሰባ ዓመት ሙሉ ሰው የሰጣቸውን ሲለብሱ እንደኖሩ ነገሯት። ከመሞታቸው በፊት አንድ ኮፊያ በገዛ እጃቸው ሠርተው ማድረግ አምሯቸዋል።

እሷም ሥራውን አሳየቻቸው። ከመሐል እምብርቱ ይጀመራል፤ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት ዓይን እየተጨመረ ይሰፋል፤ አናት ሲሞላ መጨመሩ ይቆምና ግድግዳው ይወርዳል። ሼሁ የመጀመሪያውን ሲሠሩ መጨመር ማቆሙን ረሱትና የሌማት ክዳን የሚያህል ነገር ወጣ። ሁለተኛው ላይ እንዳይሰፋ ሲጠነቀቁ ጭራሽ መጨመሩን ተዉትና ከእንቁላል በቀር የሚገባበት ጠፋ። ሼሁ እንቁላሏም ብትሆን እኮ ብርድ አለባት ብለው እየሣቁ ፈቱት። ያን ሰሞን ሉባባ የሣቀችውን ያህል በሕይወቷ ሥቃ አታውቅም።

ሦስተኛው ላይ ኮፊያ የሚመስል ነገር ወጣ። እሱንም ግን ሉባባ ሳታየው ቤታቸው ወስደው ጨረሱትና ጁምዓ ቀን አድርገውት ብቅ አሉ። ሉባባ ገና ከሩቅ ስታየው ስሕተቱ ገባት። ሼሁ አዛን በተባለ ቁጥር ዙሩን ሳይጨርሱ ያስቀምጡታል፤ ሰግደው ሲመለሱ ደግሞ ወደፊት መቀጠል ሲገባቸው ወደመጡበት ይሠራሉ። በዚህ መንገድ አንዱ ጎን ብቻ ሲደራረብ ሰንብቶ በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ከፍ ብሏል። ልትነግራቸው አስባ ነበር፤ ግን በዚያው ምሽት ሁለት የተጣሉ ጎሣዎችን ሊያስታርቁ ወደ ገጠር ወረዱ።

እሳቸው በሌሉበት ኮፊያው ትርጉም አገኘ። ልብ ያለው በግራ ነውና በግራ ዝቅ ማለቱ የልብን መተናነስ ያሳያል ብሎ ሙዘይን አስተማረ። አንዱ ደግሞ በቀኝ ከፍ ማለቱ በፍርድ ቀን የሥራቸውን ኪታብ በቀኝ እጃቸው የሚቀበሉ ሰዎች ምልክት ነው አለ። ሳምንት ሳይሞላ ደረሳው ሁሉ ኮፊያውን በቀኝ በኩል ሽቅብ ማጠፍ ጀመረ። ሉባባ ለዒድ ብላ የሠራቻቸው ቀጥ ያሉ ኮፊያዎች በቅርጫት እንደተደረደሩ ቀሩ። ልጆቿን የዒድ ልብስ የምታለብሰው በነሱ ሽያጭ ነበር። ሙዘይን ዛሬ የመጣው የመጨረሻውን ሊነግራት ነው፤ እንዳሉት ካልሠራች ደረሳዎቹ በከተማው ታችኛው በር ካለው ኮፊያ ሠሪ ዘንድ ሊያሠሩ ነው።

በዚህ መሐል ሼህ ጦይብ በበቅሎ ደረሱ። ከበቅሎዋ ወርደው ሰላምታ አቀረቡና ሊቀበሏቸው የተሰበሰቡትን ደረሳዎች አንድ በአንድ አዩ።

«እኔ ሳልኖር በዚህ አገር ምን ዓይነት ነፋስ ነፈሰ?» አሉ። «ሁላችሁንም በአንድ ወገን መታችሁ።»

ሙዘይን ትርጉሙን በኩራት አስረዳቸው። ሼሁ ጨርሰው ሰሙትና ወደ ሉባባ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?»

ሉባባ መሬት መሬት እያየች፣ አዛን ሲል እንዴት እንደሚያስቀምጡትና ሲመለሱ መንገዱ እንዴት እንደሚገለበጥ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። ሼሁ ኮፊያቸውን አውልቀው በጣታቸው ዙሮቹን ተከትለው ሄዱ፤ ዙሮቹ የሚታጠፉባቸውን ቦታዎችም አገኟቸው።

ሙዘይን ጠጋ ብሎ በጆሯቸው አንሾካሾከ። ሰው በዚህ ኮፊያ የተነሣ ልቡ እንደለሰለሰ፣ ደርሱም በተማሪ እንደሞላ፣ ዝም ቢሉ ማንም እንደማይጎዳ ነገራቸው። ሼሁ ቅርጫቱን አዩ፤ እስከ አፉ ሞልቷል።

«ይቺ ተጎድታለች፤» አሉ።

ከዚያም የክሩን ጫፍ ፈልገው ያዙና ሁሉም እያየ ሳቡት። ክሩ እየተተረተረ ወረደ። ከደረሳዎቹ አንዳንዱ አስተግፊሩላህ አለ፤ አንዱ ትንሽ ልጅ ግን ሣቁ አመለጠው፤ ሼሁም አብረውት ሣቁ። በመጨረሻ የተፈታውን ክር በእጃቸው ጠቅልለው እንዲህ አሉ፦

«የተሳሳተ ክር ይፈታል እንጂ አይወረስም።»

ሉባባም ለሶላት ሲነሡ ዙሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚያስታውሳቸውን ቀይ ክር የት እንደሚያስሩ አሳየቻቸው። ሼሁም ከቅርጫቱ አንድ ቀጥ ያለ ኮፊያ ገዝተው አደረጉና፣ የኔ እስኪያልቅ የመምህሬን ላድርግ አሉ። ደረሳዎቹ ይህን ሲሰሙ ተሻሙ፤ ቅርጫቱም የዐስር ሶላት ሳይደርስ ባዶ ሆነ።

ዐዋቂን መውደድ መልካም ነው። ነገር ግን ፍቅር ዓይኑን ሲጨፍን የወደደውን ሰው ስሕተት ተሸክሞ ሱና ያደርገዋል፤ በዚያም አንዲት ምስኪን ሪዝቋን፣ የዕለት እንጀራዋን፣ ታጣለች። ሼህ ጦይብ ሰው ፊት ያፈረሱት ኮፊያ ብቻ አልነበረም፤ ሳይጠይቁ የተሰጣቸውን ክብርም አብረው ፈቱት። ክብራቸው ግን በዚያ ቀን አልቀነሰም፤ ወላሂ ጨመረ።

ደረሳዎቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ሙዘይን ብቻውን ቀርቶ ነበር። ያጠፈውን ኮፊያ ከራሱ አወለቀና እጥፋቱን በመዳፉ አስተካከለ። የተጨማደደው አልቃና ሲለው ሉባባ ልታቃናለት እጇን ዘረጋች። ኮፊያውን በእጇ ላይ አስቀመጠና በባዶ ራሱ ወደ መስጊዱ ገባ።