እርግብ ያወረደችው ሙሾ

ተረት ተረት ስላችሁ ጆሯችሁን ክፈቱ እንጂ ዳቧችሁን አትደብቁ።

አያ ጅብ ሞተ። እመት ፍየል ጓደኛዋን አህያን አስከትላ ለቅሶ ሄደች። ባለፈው ክረምት ልጇን የበላባት እሱ ነውና፣ የሄደችው ለማልቀስ ሳይሆን በእርግጥ መሞቱን በዓይኗ ለማየት ነበር። መንገዱን ሙሉ «ጠብታ እንባ ባፈስ ቀንዴ ይርገፍ!» እያለች ስትፎክር ደረሱ።

እዚያ ግን አልቃሿ እርግብ ተቀምጣ ኖሯል። ድምጿ ድንጋይ ያባባል።

«በጨለማ መጥቶ ደጃችን የሚያድር፣
እንግዲህ ማን አለ እንዲህ የሚያፈቅር?»

በጎች ተንሰቀሰቁ፤ ዝንጀሮ ደረቱን ደቃ። እንባው ቁልቁል ወርዶ የታች ሰፈርን ወፍጮ አዞረ ብላችሁ እመኑኝ። ፍየልም ሳታውቀው «ወይኔ አያ ጅቤ!» ብላ ጮኸች።

«አንቺ! ልጅሽን የበላው እኮ ነው!» አለች አህያ ጎሰም አድርጋት።

«እሱስ ነው። ግን እንዴት ይወደን ነበር!» አለችና ፍየል የሟቹን ልጅ እቅፍ አድርጋ ታለቅስ ጀመር።

ልጁ አንገቷን አሸተተና እንባውን ጠረገ። «እትዬ፣ አባባ ማታ ማታ የሚያመጣልን ራት ልክ እንዳንቺ ነው የሚሸተው!»

አህያ ይህን ስትሰማ አቧራዋን አስነስታ ጠፋች። ፍየልም ልትከተላት ብድግ ስትል፣ እርግብ ጉሮሮዋን ጠርጋ ሌላ ሙሾ ጀመረች።

«ይህችን ብቻ ሰምቼ» አለችና ፍየል መልሳ ተቀመጠች።

ተረቴ አለቀ፤ የደበቃችሁትን ዳቦ አሁን አውጡት።