ባልዲ የገቡት ሁለት ሰዓቶች

በእኛ ከተማ ሰው ዕቃውን ሲያሞግስ ሥራውን ከረሳ የምትወረወርበት አንዲት ተረት አለች። ሁሉም ይተርታታል፤ ከየት መጣች ብላችሁ ስትጠይቁት ግን ጣሪያ ጣሪያ ያያል። እኔ እዚያው ቆሜ አይቻለሁና ከእኔ ስሙ።

ዲንቄ የምትባል ሯጭ ነበረችን። አንድ ክለብ ከከተማችን አንዲት ልጅ ሊወስድ አሰልጣኝ ላከ። መቅደም ብቻውን አይበቃም፤ ሚኒማ የሚሉትን የተቆረጠ ሰዓት ማሟላት ግድ ነው ተባለ። አሰልጣኙም ከእኛ ልጆች ጋር የምትሮጥ አንዲት የክለቡን ሯጭ ይዞ መጣ። የዲንቄ እናት ያለቻቸውን በግ ሸጠው ጫማ ገዝተውላታል። ይህ ካመለጣት ተመልሳ ድንጋይ መሸከም ነው።

የስፖርት ሰዓት ያላቸው የስፖርት መምህሩ ደጀኔና ባለወፍጮው ለሜሳ ብቻ ስለነበሩ፣ ሰዓት ያዙ ተባሉ። ፊሽካ ሲነፋ ሁለቱም የሰዓታቸውን ቁልፍ እኩል ተጫኑ። እስከዚህ ደህና ነበር።

አሰልጣኙ ግን አፉ አያርፍም፤ "እኔም ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?" ብሎ ጠየቃቸው። በቃ!

"የእኔ የልብ ምት ይቆጥራል" አለ ደጀኔ።

"ልብህ መምታቱን በሰዓት ነው እንዴ የምታውቀው?" አለ ለሜሳ። "የእኔ ከወፍጮ ቤት ጣሪያ ወድቆ እንኳ አልተጫረም።"

"የወደቀው ማሰሪያው ተበጥሶ ነዋ!"

"ያንተስ ማታ ቻርጅ ካልተደረገ ጠዋት መች ይነሳል?"

"ቢሆንም መቶ ሜትር ጠልቆ ውሃ አያስገባም!"

"የእኔ ሁለት መቶ!"

ወገኖቼ፣ በከተማችን እኮ ከጉልበት የሚያልፍ ወንዝ የለም።

አሰልጣኙ እየሳቀ "እስቲ እንየው" አላቸው። አጠገባቸው ለሯጮቹ መጠጥ የተቀመጠ ባልዲ ውሃ ነበር። እልህ ክፉ ነው፣ ሁለቱም ሰዓታቸውን ፈትተው ጨመሩ። ሦስቱም ባልዲው ላይ አጎንብሰው ሲከራከሩ ዲንቄ የሩጫው መጨረሻ ላይ የተወጠረውን ሲባጎ በጥሳ ገባች። ከኋላቸው መጥታ ኩባያ ብታጠልቅ ሰዓት ቀዳች።

የደጀኔ ሰዓት ጭጋግ ለብሷል። የለሜሳው ሲጨመር ቁልፉ ተነክቶ ዜሮ ያሳያል።

አሰልጣኙ ራሱን አከከ። "ሰዓት ከሌለ ምን ብዬ ልውሰዳት? አዝናለሁ" አለ። ዲንቄ መሬት ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። ሦስቱንም በዚያው ባልዲ ብደፍቅ ደስታዬ ነበር።

የሲባጎውን ጫፍ ይዘው የቆሙት ሽማግሌ፣ ጋሽ በዳዳ፣ ከዘራቸውን ሯጮቹ ወደሚመጡበት ዳገት ቀሰሩ። "ልጄ፣ ያቺ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ገና ብቅ ያለችው ማን ናት?"

አሰልጣኙ ዓይኑን አጥብቦ አየ። "የእኛዋ ሯጭ ናት።"

"ሚኒማ አሟልታለች?"

"አዎ፣ ከሁሉም ፈጣኗ እሷ..." ብሎ ሳይጨርስ ዞረ። ዲንቄን አያት፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ሊመዘግባት ከነአባቷ ስሟን ጠየቃት።

ደጀኔና ለሜሳ አሁንም "የእኔ ቢያንስ..." እየተባባሉ ነበር። ጋሽ በዳዳም የተበጠሰውን ሲባጎ እየጠቀለሉ እንዲህ አሏቸው፦ "ሰዓት ያለው ሲከራከር፣ እግር ያለው ደረሰ።"