ቅርጫት ሻጯና ሁለቱ ጊስቲዎች

ድሮ በሐረር የአሚር ልጅ የሆነች ሴት «ጊስቲ» ተብላ ትጠራ ነበር፤ እንደ «እመቤት» ያለ የክብር ስም ነው። ታዲያ አንድ አሚር እህትና ሚስት ነበሩት፤ ይህ ስም አጣላቸው። እህቱ ቀመሪያ «በደም የኔ ነው» ትላለች። ሚስቱ ነፊሳ «በጋብቻ የኔ ነው» ትላለች። ግቢው በጭቅጭቃቸው ታመሰ።

አንድ ቀን ምላሷ የማያርፍ አንዲት ቅርጫት ሻጭ ወደ ቤቱ ስትዘልቅ ሁለቱም ከከፍታው መደብ ላይ እንደተቀመጡ አፋጠጧት።

«አንቺ! ከሁለታችን ጊስቲዋ ማን ናት?» አለች ቀመሪያ።

«ከተሳሳትሽ በዚህ ከተማ ሁለተኛ ቅርጫት አትሸጪም» አለች ነፊሳ።

አንዷን ብትመርጥ ሌላዋ አትምራትም። ሴትዮዋ ቅርጫቶቿን አስቀመጠች፤ ጭቃ በነካው እግሯ መደቡ ላይ ወጣችና በሁለቱ መሀል ዘፍ አለች። ሁለቱም ሊጮሁባት አፋቸውን ከፈቱ።

«እመቤቶቼ፣ ይሄማ ቀላል ነው» አለች። «እውነተኛዋ ጊስቲ ቅርጫት ሻጭ አጠገቧ ስለተቀመጠች ክብሯ አይጎድልባትም። የምትቆጣዋ ሌላዋ ናት።»

የሁለቱም አፍ ግጥም አለ። ቀመሪያ እንደምንም ፈገግ ብላ ትራስ አቀበለቻት። ነፊሳ ላለመበለጥ ጣፋጩን ሐልዋ ከነትሪው አቀረበችላት። ቀመሪያ ይባስ ብላ በገዛ እጇ ታጎርሳት ጀመር።

ሆዷ እስኪነፋ በልታ ስትወጣ በረኛው ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ ጊስቲዋ የትኛዋ ናት?» አላት።

«ገና አልለየልኝም» አለችው ከንፈሯን እየላሰች፣ «ነገም እመጣለሁ።»